የስታምፎርድ ጥንታዊ የድንጋይ ቤቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስታምፎርድን በፎቶግራፍ ያየ ወይም አንድ ቀን ጎራ ብሎ በመንገዶቿ የተመላለሰ ሰው የሚያነሣቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ፣ በማውቀው መጠን እዚህ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስታምፎርድ የት ናት? ስለ ድንጋይ ቤት ሲነሣ ስሟ ለምን ይቀድማል?

በእንግሊዝ የሊንከንሺር ደቡባዊ ጫፍ፣ በዌላንድ ወንዝ ዳር የተቀመጠች የገበያ ከተማ ናት። ከለንደን በስተሰሜን 145 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በመካከለኛው ዘመን በሱፍና በሱፍ ጨርቅ ንግድ በለጸገች። ኋላም ለንደንን ከስኮትላንድ የሚያገናኘው ታላቁ የሰሜን መንገድ በመካከሏ ያልፍ ስለነበር፣ በሠረገላ የሚጓዘው ሁሉ ያድርባት ነበር። ዛሬም አርብ አርብ ገበያዋ ይቆማል።

ያማሩ አሮጌ ቤቶች ያሏቸው የእንግሊዝ ከተሞች ብዙ ናቸው። ስታምፎርድ ውስጥ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ማማ እስከ ሱቁ ግድግዳ፣ ከባለጠጋው መኖሪያ እስከ ፈረሶቹ ጋጣ ድረስ አብዛኛው ግንብ የአንድ አካባቢ ድንጋይ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከተማዋ በሙሉ የማር ቀለም ትይዛለች። በሕግ ጥበቃ የተመዘገቡት ሕንፃዎቿ ከ600 በላይ ናቸው።

ድንጋዩ ከየት መጣ?

ከቅርብ ነው የመጣው፤ የውበቱም ምሥጢር ይኸው ቅርበት ይመስለኛል። ጂኦሎጂስቶች የሊንከንሺር በሃ ድንጋይ የሚሉት ዓይነት ነው። በጁራሲክ ዘመን፣ ማለትም ከዛሬ 170 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አካባቢው ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። ማዕበሉ የዛጎል ስብርባሪና የአሸዋ ቅንጣት ወዲያና ወዲህ ሲያንከባልል፣ በእያንዳንዷ ቅንጣት ዙሪያ የኖራ ንጥረ ነገር እየተጠቀለለ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቃቅና ክብ አደረጋት። እነዚህ ፍሬዎች ተጠጋግተው፣ ተጣብቀው፣ በዘመን ብዛት አለት ሆኑ። ግድግዳው ዘንድ ጠጋ ብለው በእጅ መነጽር ቢመለከቱ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ለማየት ይቻላል።

ከዚህ አለት ውስጥ በየቦታው ጠባዩ የሚለያይ ድንጋይ ይወጣል። የባርናክ መንደር ድንጋይ ዛጎል የበዛበት፣ ሸካራና ጽኑ ነው፤ የፒተርቦሮና የኢሊ ካቴድራሎች የተሠሩት በእርሱ ነው። ይህ የድንጋይ ካባ በ1500 አካባቢ ጥሩ ድንጋዩ አልቆበት፣ ዛሬ ጉድጓድና ጉብታ የሞላበት፣ የዱር አበባ የሚበቅልበት የተጠበቀ መስክ ሆኗል። የኬተን ድንጋይ ደግሞ ፍሬው እኩል፣ መልኩ ከክሬም እስከ ቀላ ያለ የሚደርስ ነው። ንብርብር ስለሌለው ጠራቢው በፈለገው አቅጣጫ ይቆርጠዋል፤ ለስታምፎርድ ባለጠጎች ጥርብ ፊቶች፣ ለካምብሪጅ ኮሌጆችም ተፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው። የክሊፕሻም ድንጋይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የለንደኑ ፓርላማ ሕንፃ ሲጠገን አገልግሏል።

በዚያ ዘመን ድንጋይ በየብስ ማጓጓዝ ከባድ ወጪ ነበር። ካባው በአጠገቧ የሆነላት ከተማ ሌላው ከተማ ለካቴድራል ብቻ የሚያስበውን ድንጋይ ለመኖሪያ ቤት አዋለችው።

ቤቶቹ ከመሠረታቸው እስከ ጣራቸው የድንጋይ ናቸው?

ብዙዎቹ አይደሉም! ይህን ማወቅ ስለ ከተማዋ ያለዎትን አስተያየት ስለሚለውጥ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በመካከለኛው ዘመን የስታምፎርድ መኖሪያ ቤት በአብዛኛው የእንጨት ነበር። ወፍራም የባሉጥ ምሰሶና አግዳሚ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ይቆምና፣ ክፍተቱ በእንጨት ርብራብና በጭቃ ምርግ ይሞላል። ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ማገርና ጭቃ የሚያውቅ ሰው ወዲያውኑ ይገባዋል። የላይኛው ፎቅ ብዙ ጊዜ ከታችኛው አልፎ ወደ መንገዱ ይወጣ ነበር። ከሥር ግን በድንጋይ ቅስት የተሠራ ምድር ቤት ሊኖር ይችላል፤ ነጋዴው ዕቃውን ከእሳትና ከሌባ የሚያድንበት ጎተራ ነው። ከእነዚህ የ13ኛውና የ14ኛው ክፍለ ዘመን ምድር ቤቶች ዛሬም ከሱቆች ወለል በታች ያሉ አሉ።

በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ገንዘብ ተመለሰ። ለወንዙ የጀልባ ቦይ ተቆፈረ፤ የሠረገላው መንገድ ደመቀ። ባለቤቱ አሮጌ ቤቱን ከማፍረስ ይልቅ አዲስ ፊት ሰጠው፦ ወደ መንገድ የወጣውን ፎቅ ከሥሩ በግንብ ደገፈና ከፊቱ ጥርብ ድንጋይ አቆመ። ስለዚህ ከፊት የ1740 መልክ ያለው ቤት ውስጡ የ1500 ሊሆን ይችላል። ከጥርቡ ድንጋይ በስተኋላ ያልተጠረበ ድንጋይ አለ፤ ከዚያም በስተኋላ የባሉጥ ምሰሶ።

ታዲያ ይህ ማታለል ነው? አይመስለኝም። አያቱ የሠሩትን ምሰሶ ሳይነቅል፣ አባቱ ያስተካከለውን ደረጃ ሳያፈርስ፣ ልጁ የዘመኑን መልክ ጨመረበት። ቤቱ የትውልዶች ሥራ ነው፤ አንዱ ንብርብር ሌላውን ተሸክሞ ቆሟል።

የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፊት ሲታይ ምን ምን ይስተዋል?

በመጀመሪያ ሚዛኑ። በሩ መካከል ላይ ይሆንና መስኮቶቹ ግራና ቀኝ እኩል ይሰለፋሉ። ሦስት ወይም አምስት ዓምድ መስኮት የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ፎቅ መስኮቶች ብዙ ጊዜ ረጃጅም ናቸው፤ እንግዳ የሚቀመጥበት እልፍኝ እዚያ ነበርና። ከዚያ በላይ ሲወጣ መስኮቱ እያጠረ፣ ከጣራው ሥር ሠራተኞች የሚያድሩበት ክፍል ዘንድ ሲደርስ ከሁሉ ያንሳል። ማን የት እንደሚኖር ከመንገድ ሆኖ ማንበብ ይቻላል።

ሁለተኛ የማዕዘን ድንጋዮቹ። በቤቱ ጥጎች አንዱ ረጅም አንዱ አጭር እየሆኑ ይፈራረቃሉ፤ ብዙ ጊዜም ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ይላሉ። ከመስኮቱ ጉበን መካከል ሽብልቅ መሰል ድንጋይ ወደ ታች ብቅ ይላል፤ ቅስቱን ቆልፎ የሚይዘው እርሱ ነው። በፎቆቹ መካከል እንደ መቀነት የሚዞር የድንጋይ መስመር አለ፤ በግድግዳው አናት ደግሞ ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር። ይህ ከንፈር በሙያው ኮርኒስ ይባላል። እኛ አገር ቃሉ ከጣሊያንኛ መጥቶ ለክፍል ውስጥ ጣሪያ ስለዋለ እንዳያምታታ። የድንጋዩ ኮርኒስ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የዝናብ ውኃ በግድግዳው ላይ እንዳይወርድ ወርውሮ ይጥለዋል።

ሦስተኛ መስኮቱ ራሱ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ሁለት ክፈፍ ነው፤ ገመዱና የብረት ሚዛኑ በጎን ባለው ሳጥን ውስጥ ተሰውረዋል። በእያንዳንዱ ክፈፍ ስድስት ስድስት ትንንሽ መስታወት ማየት የተለመደ ነው። መስታወቱ ያነሰው በምርጫ አልነበረም። ነፊው የጋለውን መስታወት በዘንግ ጫፍ አሽከርክሮ እንደ ምጣድ ክብ ያደርገውና ከክቡ ላይ ይቆረጥ ስለነበር ትልቅ ማውጣት አይቻልም። እንዲህ ባለው መስታወት ላይ የሰማዩ ነጸብራቅ ይወዛወዛል፤ በፋብሪካ በተሠራው ላይ ግን እንደ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ዝም ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አሮጌውን መስታወት ለምን እንደምንሳሳለት አይጠይቅም።

በድንጋይ የተደፈኑት መስኮቶች ግብር ለማምለጥ ነው?

አንዳንዶቹ አዎን። የመስኮት ግብር ከ1696 እስከ 1851 ይከፈል ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ተጨማሪው ክፍያ ከአሥር በላይ መስኮት ባላቸው ቤቶች ላይ ነበር የተጣለው። ነገር ግን ብዙው የተደፈነ መስኮት ከመነሻውም መስኮት አልነበረም። ከበስተኋላው የጭስ ማውጫ ወይም የክፍል መለያ ግድግዳ ሲያጋጥም፣ ግንበኛው የፊቱ ሚዛን እንዳይጎድል ባዶ ክፈፍ ሠርቶ ይተወዋል። ድንጋዩ ከዙሪያው ጋር አንድ ቀለምና አንድ ጠረባ ካለው የግንበኛው ሐሳብ ነው፤ ሙሌቱ ከተለየ ኋላ የተደፈነ ነው።

ጣራውስ ከምን ተሠራ?

የእኔ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። አሮጌዎቹ ጣራዎች የተከደኑት በኮሊዌስተን ክዳን ነው። ኮሊዌስተን ከስታምፎርድ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኝ መንደር ናት። ክዳኑ ጠፍጣፋ ይሁን እንጂ እርሱም በሃ ድንጋይ ነው፤ ግድግዳውና ጣራው ዘመዳማቾች ናቸው ማለት ነው።

የሚሠራው በውርጭ ነው። ቆፋሪዎች ትልልቁን ጠፍጣፋ አለት በክረምት ከመሬት ሥር አውጥተው ሜዳ ላይ ያሰጡታል። ውኃ እያጠጡ እርጥበቱን ይጠብቁለታል፤ ከደረቀ አይሰነጠቅምና። የታኅሣሥና የጥር ውርጭ ሲመታው በንብርብሩ መካከል ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ይለጠጥና ድንጋዩን ይከፍተዋል። ከዚያ በመዶሻ መታ መታ ሲደረግ ገጽ በገጽ ይላቀቃል። ሰው የጀመረውን ብርድ ይጨርሰዋል።

ክዳኖቹ አንድ መጠን የላቸውም። ትልልቆቹ ከታች፣ ትንንሾቹ ከላይ ጫፍ አጠገብ እየሆኑ በረድፍ ይደረደራሉ፤ ጣራው ወደ ሰማይ እየራቀ የሚሄድ የሚመስለው በዚህ ነው። በባሉጥ ችካል ተንጠልጥለው፣ በኖራ ተይዘው ይቆማሉ። ክብደቱ ብዙ ስለሆነ ከሥሩ ያለው እንጨት ወፍራም መሆን አለበት፤ ውኃው ቶሎ እንዲወርድም ጣራው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ይይዛል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ክረምቱ ሲለዝብና ርካሽ ክዳን ሲበዛ ይህ ሙያ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። አዲስ ክዳን ስለማይገኝ አንዱን ጣራ ለመጠገን የሌላውን አሮጌ ክዳን መልቀም ግድ ሆነ። በ2010ዎቹ ግን በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ውርጩን አስመስሎ ድንጋዩን መሰንጠቅ ተቻለ፤ አዲስ የኮሊዌስተን ክዳንም እንደገና ወደ ጣራ ወጣ። ይህን ስሰማ በእውነት ደስ ብሎኛል።

ወደ ውስጥ ሲገባ ቤቱ እንዴት ይደራጃል?

መሬቱ ጠባብና ረጅም ነው፤ ድርሻው የተሸነሸነው በመካከለኛው ዘመን ስለሆነ። ስለዚህ ቤቱ ለመንገዱ ፊቱን አሳይቶ አካሉን ወደ ኋላ ይዘረጋል። ከበሩ ቀጥሎ የድንጋይ ንጣፍ ያለው መተላለፊያ፣ ግራና ቀኝ ክፍሎች፣ ከዚያ ደረጃ፣ ከኋላ ማድ ቤት ይከተላሉ። በብዙዎቹ ጎን ሠረገላ የሚያስገባ ቅስት አለ፤ በዚያ በኩል ጋጣው፣ ጓሮውና የአትክልት ቦታው ይደረሳል። ምድጃዎቹ በእያንዳንዱ ክፍል ስላሉ ጭስ ማውጫዎቹ ረጃጅምና ብዙ ናቸው።

ከተማዋ ይህን ሁሉ ይዛ ለምን ሳትፈርስ ቆየች?

ሀብት ቀድሞ መጥቶ ቀድሞ ስለሄደ ነው። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከለንደን ወደ ሰሜን የሚሄደው ዋና የባቡር መስመር በፒተርቦሮ በኩል አለፈ። ስታምፎርድ የደረሳት የጎን መስመር ብቻ ነበር፤ የሠረገላው ንግድ ሞተ። ፒተርቦሮ በፋብሪካ ስታድግ ስታምፎርድ ባለችበት ቀረች፤ አፍርሶ ለመሥራት ምክንያትም ገንዘብም አልነበረም። ለዚያ ትውልድ ኪሳራ የነበረው ለእኛ ከተማዋን አቆየልን፤ ሥራ ያጡት ሰዎች የከፈሉት ዋጋ መሆኑን ግን አልዘነጋም።

ሕጉ ኋላ መጣ። በ1967 ታሪካዊ ሰፈርን በሙሉ እንደ አንድ አካል የሚጠብቅ አዋጅ ሲወጣ፣ በእንግሊዝ መጀመሪያ የተከለለችው ስታምፎርድ ናት።

ግድግዳው ሲጎዳ በሲሚንቶ ቢጠገን ምን ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። የዚህ ዓይነት ቤት ባለቤት ከሆኑ ከዚህ ገጽ ሌላውን ሁሉ ቢዘነጉ እንኳ ይህን ይያዙልኝ።

አሮጌው ግንብ የተያያዘው በኖራና በአሸዋ ቡኬት ነው። ኖራ ከድንጋዩ የለሰለሰ ነው፤ እርጥበትም ያሳልፋል። ግድግዳው ዝናብ ሲጠጣ ውኃው በመገጣጠሚያው በኩል ተመልሶ ወደ ውጭ ይተናል። ቤቱ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ኖራው እሺ ብሎ አብሮ ይሄዳል፤ ከጊዜ በኋላ የሚያልቀው እርሱ ነው፣ የሚተካውም እርሱ ነው። ድንጋዩን ለማዳን ራሱን የሚሰጥ አካል ነው።

ሲሚንቶ የተገላቢጦሽ ይሠራል። ከድንጋዩ ይልቅ ይጠነክራል፤ የውኃውንም መውጫ ይዘጋል። የታፈነው እርጥበት በድንጋዩ ፊት በኩል ለመውጣት ይገደዳል፤ ጨውም ይዞ ይወጣል፤ ክረምት ሲመጣ በረዶ ሆኖ ይለጠጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድንጋዩ ልጣጭ ልጣጭ እያለ ይረግፍና የሲሚንቶው መስመር ብቻውን እንደ አጥንት ገጦ ይቀራል። ውኃ በማያሳልፍ ቀለም የተቀባ ግድግዳም ዕጣው ይኸው ነው። ውስጡ እርጥበት የያዘውን ቤት እርጥበት የሚከላከል ኬሚካል በግድግዳው ውስጥ ከማስወጋት በፊት የተዘጋውን አሸንዳ፣ ከፍ ያለውን የውጭ መሬትና የሲሚንቶ ልስኑን መመርመር ይቀድማል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ትምህርት በገዛ ቅርሳችን አይተነዋል። የጎንደር ፋሲል ግቢ የተገነባው በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት የተደረገው ጥገና የማይስማማው ሆኖ ተገኝቶ፣ ኋላ በአብዛኛው በኖራ ተተክቷል።

ግድግዳው ላይ ያለው ጥቁር ቅርፊት ይታጠብ?

ጥቁሩ የድንጋይ ከሰል ዘመን ትዝታ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ድኝ ከበሃው ድንጋይ ጋር ተዋህዶ ጂፕሰም ይሆናል፤ ጥቀርሻው በውስጡ ይታሰራል። ከመስኮት ደፍና ከኮርኒስ ሥር፣ ዝናብ በማያጥበው ቦታ ይከማቻል። ጉዳት ካላመጣ መተው ይሻላል። ካስፈለገም በባለሙያ እጅ፣ በቀስታ ይነሣ፤ በአሸዋ መፋቅ የድንጋዩን ቆዳ ይገፍፈዋል፤ የተገፈፈውም አይመለስም።

ባለቤቱ እንደፈለገ መለወጥ ይችላል?

አይችልም። የተመዘገቡ ሕንፃዎች ሦስት ደረጃ አላቸው፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ ባለ ኮከብና ሁለተኛ። በመላ እንግሊዝ ከተመዘገቡት አንደኛ ደረጃ የያዙት 2.5 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሁለተኛ ደረጃ ናቸው። ጥበቃው ፊቱን ብቻ ሳይሆን ውስጡንም ይሸፍናል፤ ደረጃው፣ ምድጃው፣ የእንጨት ግድግዳ ልባሱ ሁሉ ይገባል። የቤቱን ጠባይ የሚነካ ለውጥ ያለ አካባቢው አስተዳደር ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው፤ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊያደርስ ይችላል። ለሚገዛ ሰው ማስጠንቀቂያ፦ የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ የሠራውን እንዲያስተካክል አዲሱ ባለቤት ሊታዘዝ ይችላል፤ የጊዜ ገደብም የለውም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የፈቃድ ወረቀቶቹን ይጠይቁ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

በድንጋዩ በኩል አለ። የመቐለ ቤቶች የተሠሩበት የአንጣሎ በሃ ድንጋይ እንዲሁ በጁራሲክ ዘመን ባሕር ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ በዕድሜ ከስታምፎርዱ ጥቂት ያንሳል። ሌላም አለ፦ የእንግሊዝ የጁራሲክ በሃ ድንጋይ ከደቡብ ምዕራብ እስከ ሊንከንሺር እንደ ቀበቶ ሲዘረጋ የባዝን ከተማ ያካትታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት በዚያች የድንጋይ ከተማ፣ ፌርፊልድ በተባለው ቤት ነበር፤ በ1958 ቤቱን ለከተማዋ ሰጥተዋል።

አንድ ቀን ብቻ ቢኖረኝ ከየት ልጀምር?

ከወንዙ ደቡብ፣ ከሴንት ማርቲንስ ጎዳና ይጀምሩ። በሴንት ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአቅራቢያው ያለውን የበርሊ ቤተ መንግሥት ያሠራው የንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት አማካሪ ዊልያም ሴሲል ተቀብሯል። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከፊትዎ የከተማዋ ማማዎች ይቆማሉ። ድልድዩን ተሻግረው በሴንት ሜሪስ ሂል ይውጡ፤ ሴንት ጆርጅስ ስኩዌር ሲደርሱ የ1727ቱን የመሰብሰቢያ አዳራሽ ያያሉ። ከዚያ ወደ ብሮድ ስትሪት፦ እዚያ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሱፍ ነጋዴው ዊልያም ብራውን ለድሆች ያሠራው መጠለያ አለ። መጨረሻ ላይ ባርን ሂልን ይያዙ፤ ጸጥ ያለ፣ ጥርብ ፊቶች የተደረደሩበት ዳገት ነው።

በመንገድዎ ላይ ግን ጠባብ መተላለፊያ ባገኙ ቁጥር ገባ ይበሉ። ከቤቱ ጎን ቆመው ጥርቡ ድንጋይ አልቆ ያልተጠረበው የሚጀምርበትን ማዕዘን ይፈልጉ፤ ትንሽ ከፍ ብለው ሲያዩ ከኖራው መካከል የባሉጥ ምሰሶ ጫፍ ብቅ ብሎ ያገኙት ይሆናል።